ተጠባባቂውና የሰባት ሰዓት ልዩነት

ጋሼ የማዘጋጃ ቤታችን የውጭ ግንኙነት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነበሩ። «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ሲሰጣቸው ለሦስት ወር ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ አስራ አንድ ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት ከንቲባ መጥቶ ሄዷል፣ የኮሪደሩ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ የክፍሉ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ላጤ የነበርኩት እኔም አግብቼ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። በራቸው ላይ የተለጠፈው ቃል ግን ንቅንቅ አላለም። የኃላፊ ሥራ ይሠራሉ፣ የኃላፊ ወቀሳ ይወቀሳሉ፣ አስቸጋሪ ደብዳቤ ሲመጣ «ጋሼ ይፈርሙበት» ይባላል። ስብሰባ ላይ ወንበር ሲደለደል ግን «ተጠባባቂዎች ከኋላ!» ነው።

ነገሩን በትዕግሥት ይዘውት የኖሩት እስከ ልጃቸው ሠርግ ድረስ ነው። በሠርጉ ዕለት አስተዋዋቂው ማይክራፎኑን ጨብጦ «የሙሽራዋ አባት፣ የማዘጋጃ ቤቱ የውጭ ግንኙነት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ!» ብሎ ሲጣራ አዳራሹ አጨበጨበ። ከወንዱ ወገን የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው ዞር ብለው፣ ቀስ ያሉ መስሏቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እና ዋናው መቼ ይመጣሉ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ሳቁ። ባለቤታቸው እትዬ በኋላ እንደነገሩኝ ግን ቤት ገብተው ከረባታቸውን ሳይፈቱ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ያ ቃል ከበራቸው ላይ እንዲነሳ። መኪና አላሉ፣ ትልቅ ቢሮ አላሉ። አንዲት ቃል ትነሳልኝ ነው ያሉት።

ጡረታቸው ስምንት ወር ሲቀረው አዲሱ ከንቲባ «እህት ከተማ» የሚባል ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። ከተማችን እህት ሳይኖራት መኖሯ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር አሉ። መንገዱ ተቦርቡሮ፣ ቧንቧው ደርቆ እንቅልፍ ያልነሳቸው ሰው እህት ማጣታችን እንዴት እንደነሳቸው አላውቅም። ብቻ አንዲት በጣም ሩቅ ያለች ከተማ ተገኘችልን። ከንቲባው ጋሼን አስጠርተው «ይህችን ነገር ካሳኩልኝ ያችን ቃል በገዛ እጄ ነቅዬ እጥልልዎታለሁ» አሏቸው። ጋሼ ወደ ቢሮ ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆኖ ነበር።

ችግሩ ይህ ነው። እህታችን ከእኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ቢሆንም ጋሼ በወረቀት ሲያሰሉት አልከፋም። እኛ የምንወጣው አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እነሱ የሚገቡት በእኛ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሁለቱም ከተሞች ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።

በወረቀት ነው እንዲህ የሆነው። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገር። የሒሳብ ሹሙ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አላቸው፤ ጥርሳቸው ቢቆጠር ከሰው አፍ በላይ ይሆናል። ማኅተም ያዥዋ ቁልፉን በቦርሳዋ ይዛ ወጥታለች። የፕላን ክፍሉ ባለሙያ ደግሞ ሁለተኛ ኮት አለው፤ አንዱን ለብሶ ይሄዳል፣ አንዱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይተዋል። ባለጉዳይ ሲመጣ «ኮቱ አለ፣ አሁን ይመለሳል» እንላለን። ያ ኮት ከባለቤቱ የበለጠ ሥራ ገበታው ላይ ውሏል።

ጋሼ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማዶ ይደውላሉ። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። በአስራ አምስተኛው ቀን አንዲት ሴት አነሳች፤ ደረጃ በሩጫ የወጣች ይመስል ታለከልካለች። ሁለቱም በትምህርት ቤት ብቻ በሚያውቋት በሰው አገር ቋንቋ እየተደናቀፉ ተነጋገሩ። ጋሼ ድምፁን ለቀውት ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«የክፍሉን ኃላፊ ፈልጌ ነበር።»

«እኔ ነኝ። ማለቴ… ተጠባባቂ ነኝ።»

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። «ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ አስራ አንድ።»

ሁለቱም እኩል ሳቁ። ጋሼ እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የማዶዋ ሴትዮ ታሪካቸውን አፍረጠረጠችልን። እነሱ ጋ ከአራት ሰዓት በፊት ሰው አይገባም። ኮት አይሰቅሉም፤ መነጽር ነው ጠረጴዛ ላይ የሚተዉት። «መነጽሩ አለ፣ ሰውየው ሩቅ አልሄደም» ይባላል። ባዶ ቢሮ ውስጥ ቀድማ የምትገባው እሷ፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ መጨረሻ የሚወጡት ጋሼ፣ ሁለት ከተማ በሁለቱ ትከሻ ላይ እህትማማች መሆን ጀመረ። ቀስ በቀስ የእሷም የልጅ ልጅ ጥርስ ማብቀሉን፣ የጋሼም ጉልበት ደረጃ መጥላቱን ተነጋገሩ። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ባሌ እዚህ ይተኛል፣ እዚያ ይነቃል» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። ቀንተው አልነበረም። ባላቸው ሥራ ቦታ የሚያዋራቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ነው።

ነገሩን ያበላሸው ሪፖርቱ ነው። ጋሼ ሐቀኛ ስለሆኑ «በሁለቱም ወገን የተገኘው ሠራተኛ ብዛት፦ አንድ፣ አንድ» ብለው ጻፉ። ከንቲባው አነበቡና ተቆጡ። ሠራተኛው ያለ ሰዓቱ እየወጣ ነው ብሎ ማመን የማይመች ነገር ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ፀሐይ ላይ ጣሉት። «የሥራ ሰዓታችን አልተገጣጠመም» አሉ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ በሙሉ በእህት ከተማ ሰዓት እንዲሠራ ታዘዘ፤ ከሰዓት ዘጠኝ ገብቶ ሌሊት ስድስት ተኩል መውጣት ነው። ማዶዎቹን በደስታ ማስደንገጥ ስለፈለጉም ነገሩ እስከ ሰኞ ምስጢር እንዲሆን አዘዙ። ጋሼ ታዘዙ። በየቀኑ ከሴትዮዋ ጋር ሲያወሩ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ይዘው ዋጡት።

ሰኞ ጠዋት አንድ አባት የልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ መጥተው በሩን ዝግ አገኙት። ዘበኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «አባቴ፣ እነሱ ጋ ገና ሌሊት ነው፤ ከምሳ በኋላ ይንጋላቸውና ይምጡ» አላቸው። ሰውየው ሰማዩን አዩ፣ ዘበኛውን አዩ፣ ደግመው ሰማዩን አዩ። «ልጄ በማን ሰዓት ነው የተወለደው ታዲያ?» ብለው ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በአዲሱ ሰዓት ቢሮ የተገኘነው ጋሼና እኔ ብቻ ነን። ሌላው ሰው መግቢያው ዘጠኝ ቢባል ከአስራ አንድ ተኩል በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። ጋሼ ደወሉ። ሴትዮዋ አነሳች፤ ድምፅዋ በእንቅልፍ ጎርንኗል።

«ጋሼ» አለች። ከእኔ ሰምታ ስማቸው መስሏት ይዛው ቀርታ ነበር። «እስከ ዛሬ እንዳልናገር ተከልክዬ ነው። የእኛም ከንቲባ እናንተን ሊያስደስቱ አዘው ከዛሬ ጀምሮ በእናንተ ሰዓት እየሠራን ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው የገባሁት።»

«ሌሎቹስ?»

«መነጽራቸውን ትተው ሄደዋል።»

ጋሼ እርሳስ አንስተው ወረቀቱ ላይ አሰሉ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ ሥራ ላይ የሚሆኑት አሁንም ያው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ አንዲት ደቂቃ አልጨመረም። ፊት የእኛ መውጫና የእነሱ መግቢያ ነበር፣ አሁን የእኛ መግቢያና የእነሱ መውጫ ሆነ። ሁለት ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለት መቶ ሠራተኛ፣ ቀንን ሌሊት ሌሊትን ቀን አድርጎ ተገለባብጦ፣ ስልኩ ላይ የተገናኙት እነዚያው ሁለት ተጠባባቂዎች ናቸው።

ትእዛዙ ሦስት ሳምንት ቆየ። ያስነሱት ሚስቶች ናቸው። ባል ሁሉ «ሥራ ላይ ነኝ» እያለ እኩለ ሌሊት ሲገባ አንድ ማታ ተጠራርተው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ መጡና ወደ ውስጥ ዘለቁ። ያገኙት ሃያ ስምንት ኮት ነው። በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ቀድሞ ሰዓቱ ተመለሰ፤ ማዶዎቹም እንዲሁ።

ከንቲባው ግን በዚህ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። አሁን ደግሞ የሁለቱን ከተሞች አኗኗር የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ ይሠራ አሉ፤ ለልምድ ልውውጥ ጉዞ መነሻ ይሆናል። ጋሼና ሴትዮዋ አንድ ወር ሙሉ ደከሙበት። ዳቦ ቤት ስንት ሰዓት ይከፈታል? ልጆች ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ይወጣሉ? የመንገድ መብራት ሲቃጠል በስንት ጊዜ ይቀየራል? የአደባባዩ ሰዓት ትክክል ነው ወይ? የእነሱ የአደባባይ ሰዓት ቆሞ ሦስት ዓመቱ ነው። የእኛ ከቆመ አራት። መብራቱ እዚያም የሚቀየረው የከንቲባው ቤት ያለበት መንገድ ላይ ሲሆን ነው። እዚያም ማኅተም ያዥ አለች፣ እዚያም ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጋሼ ሰንጠረዡን ሲጨርሱት በአርባ ሦስቱም ረድፍ ላይ «ተመሳሳይ» የሚል ነበር። አርባ አራተኛውና መጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻ «የሰዓት ልዩነት፦ ሰባት» ተጽፏል።

ከንቲባው ሰንጠረዡን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ልዩነት ከሌለ ምን ልናይ እንሄዳለን?»

«ሰባቱን ሰዓት ይሆናል» አሉ ጋሼ። የምር ነው ያሉት፤ እኔ ነኝ አፌን በእጄ የያዝኩት።

ያም ሆኖ አስራ ሁለት ሰው ያለበት ቡድን ተዋቀረ። የሒሳብ ሹሙ አሉበት፤ እዚያ ያሉት የጥርስ ሐኪሞች ጎበዞች ናቸው መሰለኝ። ማኅተም ያዥዋ አለችበት። ባለ ሁለት ኮቱም አለበት። ጋሼ የሉበትም። ከንቲባው አስጠርተው በሚያሳዝን ድምፅ አስረዷቸው፦ «እርስዎ የቀረዎት አንድ ወር ነው። ልምዱን ቢቀስሙት አብሮዎት ጡረታ ይወጣል። ሹመትዎን ግን አልረሳሁም። የእህትማማችነቱ ስምምነት በሚፈረምበት መድረክ ላይ፣ እዚያው በእህታችን ፊት፣ አብሬ እፈርምልዎታለሁ። ክብሩ ይበልጣል።»

ስምምነቱ የሚፈረመው በወሩ መጨረሻ ቀን ነው። የጋሼ ጡረታም የሚጀምረው ያ ቀን ሲያልቅ ነው። እዚህ ሆነው ዛሬውኑ ቢፈርሙ ምን ነበረበት ብዬ ልጮህ ፈልጌ ነበር። ጋሼ ግን «ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ አንድ ወር ምንድነው?» ብለው አረጋጉኝ። ሰው መጠበቅ ሲለምድ እንዲህ ያደርገዋል።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጋሼ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ደወለች፤ የሹመቱን ደብዳቤ ራስዋ ጽፋ፣ በራሳችን አርማ አትማ፣ እጅዋ ላይ ይዛዋለች። ፊርማው በእነሱ አራት ሰዓት፣ በእኛ አስራ አንድ ሰዓት ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። «ከንቲባችሁ አልመጡም። ሰዓቱ ተዛብቶባቸው ሆቴል ተኝተዋል አሉ» አለች። የሰውን ሰዓት ሦስት ሳምንት ያዛቡ ሰውዬ! አስራ አንድ ተኩል ሆነ፣ አስራ ሁለት ሆነ። አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ።

«እነሱ ጋ ገና ቀትር ነው» አሉት ጋሼ፣ እንደ መለመን ብለው።

«እኛ ጋ ግን መሽቷል ጋሼ» አላቸው ዘበኛው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ወጣን። ጋሼ በሩን ሲዘጉ ያችን ቃል አላዩዋትም፤ ሆን ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔም እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ስገባ የፋክስ ማሽኑ ላይ ወረቀት ተኝቷል። የሹመት ደብዳቤ ነው! ቀኑ የትናንት ነው፣ ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ማኅተም ያዥዋ በቦታዋ ተገኝታለች። ጋሼ ለርክክብ ሲመጡ ኮሪደሩ ላይ ሮጬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። እሳቸው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ደግመው አነበቡት።

የሰው ኃይል አስተዳደሩ ኃላፊ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ ጫፉን አየ። ማሽኑ የደረሰበትን ሰዓት አትሞበታል፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።

«ይህ ሲደርስ እርስዎ ጡረተኛ ነበሩ» አለ።

«ቀኑ የትናንት ነው እኮ!» አልኩ እኔ።

«በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር የትናንት ነው። እነሱ ጋ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተፈርሟል። ጋሼ የሚተዳደሩት ግን በየትኛው ከተማ ሰዓት ነው?» መመሪያውን ገለጠ፣ የሕግ ክፍሉን ጠራ፣ የሕግ ክፍሉ ደግሞ መዝገብ ቤቱን ጠራ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ተከራከሩ። በሕይወቴ እነዚያን ሰዎች እንዲያ ተግተው ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ውሳኔው በጽሑፍ ወጣ፦ ሹመቱ የጸና ነው፤ የጸናው ግን እህት ከተማ ውስጥ፣ ከማታው ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ለአራት ሰዓት ነው። እዚህ አይሠራም። በሩ ላይ ያለው እንዳለ ይቆያል።

ዘበኛው ሰምቶ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ደወለች። ታለቅሳለች። ከንቲባችን ሲነቁ ገበያ ወጡ፤ እሷም ደብዳቤውን ይዛ ከሱቅ ሱቅ ተከተለቻቸው። «ዛሬ እኮ ጡረታ ይወጣሉ» ስትላቸው ጫማ እየለኩ «ዛሬ ገና መቼ አለቀ?» አሏት። ለአንድ ሙሉ ከተማ ሰዓት የቀየሩ ሰው፣ እኛ ጋ ዛሬ ያለቀው እሳቸው ያን ጫማ ሲለኩ መሆኑን አላወቁም። እራት ላይ ነው ሳህናቸውን ገፋ አድርገው የፈረሙት። «እንዳለፈ አውቄ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ማንም ከእኔ በላይ አያውቀውም። ግን እዚህ ገና ዛሬ ነበር፤ ዝም ብዬ ማሳለፍ አልቻልኩም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ» አሏት ጋሼ።

የግል ዕቃቸውን በካርቶን አድርጌ ተሸክሜ ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር። ከፊታችን አነበቡት መሰለኝ፣ ምንም አልጠየቁም። ጋሼ ራሳቸው ናቸው፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሁሉንም የነገሯቸው።

«ኃላፊ ሆኜ ነበር» አሉ። «አራት ሰዓት ሙሉ። እዚያ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ሌሊት ዘጠኝ ነው። እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ኃላፊ ነበርኩ።»

«አንተ ታዲያ ያን ጊዜ ምን ታደርግ ነበር?»

ጋሼ አሰቡ። «ተኝቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ኮታቸውን ከትከሻቸው ላይ ተቀበሏቸው። «ወይ አንተ ሰው!» አሉ። «አራት ሰዓት ሙሉ ኃላፊ ሆነህ አራቱንም ሰዓት አንኮራፋህ? ታዲያ ከዋናዎቹ በምን አነስክ?»

ጋሼ ሳቁ። መቀመጫ እስኪፈልጉ ድረስ፣ እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው ብቻ ቀጠለ፤ እትዬም ኮቱን እንደያዙ አጠገባቸው ተቀመጡ።